ተረት እንዴት ይጠናል? ስለ ልጆች ሥነ ጽሑፍ ጥናት ለእጩ መምህራን

«የልጆች ሥነ ጽሑፍ ጥናት» የሚለው ስም በትምህርት ዝርዝር ላይ ሲታይ ፈገግ የሚል አይጠፋም። ተረት ደግሞ ምን ጥናት ያሻዋል? አያት ታወራለች፣ ልጅ ይሰማል፣ በመካከሉ እንቅልፍ ይወስደዋል፤ በቃ ነገሩ ይኸው ነው ይባላል። ሥነ ልቦና ይጠና፣ የሒሳብ ማስተማሪያ ዘዴ ይጠና፤ ተረት ግን ማንም ያውቀዋል፣ ማንም የሚያውቀው ነገር ደግሞ ትምህርት አይሆንም የሚል አስተሳሰብ በመካከላችን አለ። እኛ በዚህ ጽሑፍ የምንለው ሌላ ነው። ማንም ያውቀዋል የተባለው ነገር ሳይጠና መቅረቱ ምን እንደሚያስከፍል፣ በተለይም ከገንዳ ውኃ እስከ መተማ ዮሐንስ፣ ከሽንፋ እስከ ቋራ ባለው ቆላ ለሚመደብ የአንደኛ ክፍል መምህር ምን እንደሚያስከፍል ለማሳየት እንሞክራለን።

ነገሩን ከክፍሉ እንጀምር። በዚህ ቆላ አንደኛ ክፍል የሚገባ መምህር ፊት ለፊቱ የሚያገኛቸው ልጆች ከአንድ ቤት የወጡ አይደሉም። የአንዱ ቤት ቋንቋ አማርኛ ነው፤ የሌላው ጉሙዝኛ ነው፤ የሦስተኛው እናት ከገላባት ማዶ የመጣች ናትና ቤት ውስጥ የሚሰማው ዐረብኛ ነው። አባቱ ለሰሊጥ አጨዳ ሳሉግ ሆኖ ከደጋ መጥቶ እዚሁ የቀረ ልጅ አለ። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወዲህ የሱዳንን ጦርነት ሸሽተው በመተማ በኩል የገቡ ቤተሰቦችም ልጆቻቸውን ይዘው ነው የመጡት። እነዚህ ልጆች ሀ ሁን ከመቁጠራቸው በፊት ሁሉም ተረት ሲሰሙ አድገዋል። ጀግናው ሲጠፋ መጨነቅን፣ ጅቡ ሲታለል መሳቅን፣ «ከዚያስ?» ብሎ መጠየቅን ያውቃሉ። ማለትም ታሪክ መከተልን፣ ገጸ ባሕርይን መለየትን፣ መጨረሻውን መገመትን ተምረው ነው የሚመጡት። ይኸን ያስተማራቸው ደግሞ ደመወዝ የማይከፈለው መምህር ነው፤ አያት።

ታዲያ መጽሐፍ ሲሰጣቸው ምን ይሆናል? በ2002 ዓ.ም. በተለያዩ ክልሎች በተደረገ የንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች መካከል ከመቶ 34ቱ ለክፍላቸው ከተዘጋጀው አጭር ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ ሳይችሉ ቀርተዋል። ምክንያቱ ብዙ ነው። የክፍሉ ጥበት፣ የመጽሐፍ እጥረት፣ ሳይበላ የሚመጣ ልጅ፣ በአጨዳ ወራት ከትምህርት የሚቀር ልጅ፤ እነዚህን ሁሉ መምህሩ ብቻውን አይፈታቸውም። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በተነሣው ጦርነት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው መክረማቸውንም እናውቃለን። ከምክንያቶቹ መካከል ግን አንዱ በመምህሩ እጅ ያለ ነው ብለን እናምናለን። ይኸውም ልጁ መጽሐፍ ውስጥ ያለው ነገርና አያቱ የምታወራው ነገር የአንድ ወገን መሆናቸውን የሚነግረው ሰው ማጣቱ ነው። ፊደሉ ለእርሱ ሌላ ዓለም፣ ተረቱም ሌላ ዓለም ሆነው ይቀራሉ። ድልድዩን የሚሠራው መምህሩ ነው። ድልድይ ለመሥራት ደግሞ ሁለቱንም ዳር ማወቅ ያስፈልጋል።

የልጆች ሥነ ጽሑፍ ምንድን ነው?

ጥናቱ ገና ከመነሻው የሚጋጨው ከዚህ ጥያቄ ጋር ነው። ለልጆች ተብሎ የተጻፈ ነው እንበል? እንግዲያውስ ለዘመናት የቤተ ክህነት ተማሪ ፊደል ለይቶ፣ መልእክተ ዮሐንስ አንብቦ፣ ዳዊት ሲደግም የኖረው ምን ሲያነብ ነበር? በኸልዋ የተቀመጠውስ ልጅ በሉሑ ላይ የሚጽፈው ለልጆች ተብሎ የተዘጋጀ ነው? አይደለም። ልጆች ያነቡታል እንጂ ለልጆች አልተጻፈም። እንደዚሁም ከግሪክ ወደ ግእዝ በጥንት ዘመን የተተረጎመው ፊሳልጎስ ስለ አንበሳና ስለ ንስር፣ ስለ እባብና ስለ ሌሎች ፍጥረታት የሚያወራ መጽሐፍ ነው፤ ልጅ ቢሰማው ዓይኑን ያፈጣል። የተዘጋጀው ግን ለሃይማኖት ትምህርት ነበር።

ልጆች የሚያነቡት ሁሉ ነው ብንልም አይሆንም፤ ያኔ የመድኃኒት ብልቃጥ ላይ የተለጠፈው ወረቀትም ሊገባ ነው። እንዲያውም እ.ኤ.አ. በ1984 ዣክሊን ሮዝ የተባሉ እንግሊዛዊት ሊቅ ስለ ፒተር ፓን በጻፉት መጽሐፍ የልጆች ልብ ወለድ የሚባል ነገር ጨርሶ የማይቻል ነው እስከ ማለት ደርሰዋል። ክርክራቸው ባጭሩ የሚከተለው ነው፦ የሚጽፈው ዐዋቂ፣ የሚያሳትመው ዐዋቂ፣ የሚገዛው ዐዋቂ፤ መጽሐፉ ውስጥ ያለውም ልጅ ዐዋቂው «ልጅ እንዲህ ነው» ብሎ የሚመኘው ልጅ ነው። እውነተኛው ልጅ የት አለ?

ክርክሩ ብርቱ ነው፤ ለአገራችን ግን እንዳለ አንቀበለውም። ምክንያቱም በቃል በሚነገር ተረት ልጁ እዚያው ነው። ጉልበቷ ላይ ተቀምጧል። «እሺ» ካላለ ተራቿ አትቀጥልም። ከሰለቸው ታሳጥራለች፣ ከፈራ ጭራቁን ትንሽ ታሳንሰዋለች፣ ከሳቀ ያን ቦታ ደግማ ትነግረዋለች። «ትናንት እንዲህ አላልሽም!» ብሎ የሚያርማትም እርሱ ነው። ስለዚህ ተረቱን ሁለቱ አብረው ይሠሩታል ብንል ከእውነት አንርቅም። የሮዝ ጥያቄ በኛ ዘንድ የሚነሣው ይኸ ተረት ከአያቲቱ አፍ ወጥቶ ወደ ወረቀት ሲገባ ነው። ያን ጊዜ ልጁ ከክፍሉ ይወጣል፣ ዐዋቂው ብቻውን ይቀራል። የልጆች ሥነ ጽሑፍ ጥናት ዋናው ሥራ፣ እንደኛ አመለካከት፣ በዚህ መሻገሪያ ላይ የሆነውን ማየት ነው።

በአገራችን የተጓዘው መንገድ

የዚህን መሻገሪያ ታሪክ በአጭሩ ብናየው፣ ከበደ ሚካኤል ከውጭ የመጡና የአገር ቤት ምሳሌዎችን በአማርኛ ግጥም ያቀረቡበት «ታሪክና ምሳሌ» ለብዙ ትውልድ የትምህርት ቤት ንባብ ሆኖ አገልግሏል። አያቶቻችን ዛሬም ከእርሱ በቃላቸው ይወጡታል። እ.ኤ.አ. በ1950 ሃሮልድ ኮርላንደርና የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ሊቅ የሆኑት ቮልፍ ሌስላው የኢትዮጵያ ተረቶችን ሰብስበው በእንግሊዝኛ አሳተሙ፤ ስሙም «እሳት በተራራው ላይ» ማለት ነው። በዚያው ዐሥርት ዓመት ራስል ዴቪስና ብሬንት አሻብራነር የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ለኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች የንባብ መጻሕፍት ለማዘጋጀት መጥተው ከየአውራጃው ተረት ለቀሙ። ከለቀሙት ውስጥም «የአንበሳው ጺም» የተባለው መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1959 አሜሪካ ታተመ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ማለት ያስፈልጋል፦ እነዚህ ተረቶች መጀመሪያ በቀለም ታትመው በሥዕል አጊጠው የቀረቡት ለሌላ አገር ልጆች ነው። የእኛ ልጅ የራሱን ተረት ለማግኘት እንግሊዝኛ መማር ነበረበት ማለት ነው። ያስቃል፤ ያሳዝናልም።

ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ አባባ ተስፋዬ (ተስፋዬ ሣህሉ) በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ከ40 ዓመት በላይ ለልጆች ተረት ነግረዋል። በ2009 ዓ.ም. ሲያርፉ ያዘኑላቸው ልጆች ብቻ ሳይሆኑ የልጅ ልጅ ያዩ ሰዎችም ነበሩ። ለጥናታችን የሚጠቅመው ግን ዘዴያቸው ነው። ከፊታቸው ልጆች ያስቀምጡ ነበር። መስታወቱ ውስጥ ሆነውም ቢሆን የአያትን ወግ አልለቀቁም። ይኸ የቴሌቪዥን አዋቂዎች ዛሬም የሚማሩበት ነገር ነው።

ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ በሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የልጆች ክፍል ይሠሩ በነበረበት ጊዜ በአማርኛ የተዘጋጀ የልጆች መጽሐፍ ቢፈልጉ አጡ። ይኸ እጦት ስለ ሞኙ ልጅ ስለ ማሞ የሚያወራ አማርኛና እንግሊዝኛ ጎን ለጎን ያለበት ባለ ሥዕል መጽሐፍ እንዲያሳትሙ፣ በ1995 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሾላ አካባቢ የልጆች ቤተ መጻሕፍት እንዲከፍቱ፣ በኋላም በሐዋሳ መጽሐፍ በአህያ ጋሪ እስከ ማዞር አደረሳቸው። እንግሊዛዊቷ ደራሲ ኤልዛቤት ሌርድም ከብሪቲሽ ካውንስል ጋር ሆነው በየክልሉ እየዞሩ ተረት አሰባስበዋል፤ ቀላል የንባብ መጻሕፍትም ተዘጋጅተውበታል። በዩኒቨርሲቲ ደረጃ የፈቃደ አዘዘ «የሥነ ቃል መምሪያ» ለሰብሳቢ ሁሉ መነሻ ነው፤ ያላነበበው ሠልጣኝ ካለ በቶሎ ያንብበው። ሚካኤል ዳንኤል አምባቸው ደግሞ የልጆች መጻሕፍት ደራሲ ሆነው ሳለ በፕሪቶሪያ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2003 ያቀረቡት የዶክትሬት ጥናት በኢትዮጵያ አንደኛ ደረጃ ስለሚሰጡ ተጨማሪ የእንግሊዝኛ ንባብ መጻሕፍት ነበር። መጽሐፍ ማደል ብቻውን በቂ ነው ወይስ አይደለም የሚለውን ጥያቄ በምዘና ሊመልስ የተነሣ ሥራ ነው።

ከድንበሩ ማዶ የሆነው

እኛ የምንኖርበት ቦታ ድንበር ነውና ማዶውን ሳናይ ብናልፍ ጥናታችን ግማሽ ይሆናል። ከገላባት አልፎ፣ ከነጭ ዓባይ ዳር፣ ዱወይም አጠገብ በኽት ሩዳ የሚባል የመምህራን ማሠልጠኛ ተቋም እ.ኤ.አ. በ1934 ተቋቋመ። የሱዳን መምህራን ብዙዎቹ ከዚያ የወጡ ናቸው። ከዚሁ ተቋም ጋር የተያያዘው የኅትመት ቢሮ እ.ኤ.አ. በ1946 «አስ ሲብያን» ማለት «ልጆች» የተባለ መጽሔት ማውጣት ጀመረ። ሸርሐቢል አሕመድ፣ እነሆ ያ ዘፋኙ፣ በሥዕል የሚነገሩ አስቂኝ ታሪኮችን ይሥልበት ነበር። ሊቁ ዐብደላ ጠይብም በዚያ ተቋም ካስተማሩት አንዱ ሲሆኑ የሱዳንን ተረቶች ሰብስበው መጽሐፍ አድርገዋቸዋል። በሱዳን ዐረብኛ ተረት «ሑጅወ»፣ ሲበዛ «አሓጂ» ይባላል። ተራቿም «ሐቦባ» ናት፤ አያት ማለት ነው። ከጭራቅ የምታመልጠውን የቆንጆዋን የፋጥማን ተረት ሳይሰማ ያደገ የሱዳን ልጅ ማግኘት ከባድ ነው። የጀዓሊን ተረቶችን ሰይድ ሑረይዝ እ.ኤ.አ. በ1977 በጥናት መልክ አሳትመዋል።

ይኸን ያነሣነው ለወሬ አይደለም። አንድ የመምህራን ማሠልጠኛ ተቋም ለልጆች የሚነበብ ነገር ከራሱ ግቢ ማውጣት እንደሚችል ጎረቤታችን አሳይቷል። ማተሚያ ቤትም ሆነ ገንዘብ የለንም ይባል ይሆናል፤ እውነት ነው። ግን ግድግዳ አለን። ደግሞም በክፍላችን የሚቀመጠው ዐረብኛ ተናጋሪ ልጅ ባዶውን አልመጣም፤ ከሐቦባው የሰማውን ይዞ ነው የመጣው።

በዚህ ቆላ ላይ የሚገናኘው የተረት ዓይነት ራሱ ገና አልተቆጠረም። ለሰሊጥ አጨዳ የሚወርዱት ሳሉጎች ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከደጋው ጎንደር፣ ከትግራይ ነው የሚመጡት፤ ማታ ካምፕ ውስጥ ሲተኙ ተረትና ቀልድ ይለዋወጣሉ። የአለቃ ገብረ ሐና ቀልድ ምን ያህል ጊዜ በዚህ መንገድ ወርዶ ይሆን? ቅማንቱና ጉሙዙ የየራሳቸው አላቸው። ከምዕራብ አፍሪካ ለሐጅ ተነሥተው በዚህ የሰፈሩት የተክሩር ወገኖች ገላባትና መተማን በ19ኛው ክፍለ ዘመን ያስተዳድሩ እንደ ነበር በታሪክ ይታወቃል። በሐውሳ ተረት ብልጡ ሸረሪት ነው፤ በደጋ አማርኛ ግን ብልጧ ጦጣ ወይም ቀበሮ ናት። እንግዲህ ጥሩ የጥናት ጥያቄ ይኸውላችሁ፦ በመተማ ልጆች ተረት ውስጥ ብልጡ ማን ነው? ሸረሪት የሚል ይገኛል? ይህን የሚመልስ ወረቀት የሚያቀርብ ሠልጣኝ ቢኖር እኛ ለማንበብ የመጀመሪያዎቹ ነን።

አንድ ምሳሌ፦ እሳቱና ብርዱ

ዘዴውን በሥራ እንየው። ኮርላንደርና ሌስላው ለመጽሐፋቸው ስም የሰጡት ተረት እንዲህ ነው። አንድ ሀብታም ነጋዴ ከአገልጋዩ ጋር ይወራረዳል፦ ሱሉልታ ተራራ ላይ ያለ ልብስ፣ ያለ እሳት፣ ያለ ምግብ አንዲት ሌሊት ቆሞ ካደረ መሬትና ከብት ይሰጠዋል። አገልጋዩ አንድ ሽማግሌ ያማክራል። ሽማግሌውም ማዶ ተራራ ላይ እሳት ያነድለታል፤ አገልጋዩ ያን ብርሃን እያየ ያድራል። ጌታው ይኸን ሲሰማ እሳት ሞቀሃልና ውሉ ፈርሷል ይላል። ዳኛውም ለጌታው ይፈርዳል። በኋላ አንድ ሌላ ሰው ሁሉንም ግብዣ ይጠራና የወጡን ሽታ ብቻ እያሸተተ ያስቀምጣቸዋል። ምግቡ የታለ ሲሉት፣ ሽታ ካላጠገበ ማዶ ያለ እሳትስ እንዴት ያሞቃል ብሎ ይረታቸዋል።

አሁን ከሱዳን የመጣውን ልጅ ጠይቁት። ጁሓን ያውቃል። ጁሓ በዐረቡ ዓለም፣ በቱርኮች ዘንድ ደግሞ ነስረዲን ሆጃ የሚባለው ሞኝ መሳይ ብልህ ነው። እርሱም ብርድ ላይ ለማደር ይወራረዳል፤ ከሩቅ አንዲት ሻማ ያያል፤ ባልንጀሮቹ በሻማዋ ሞቀሃል ብለው ይረቱታል። እርሱም ምሳ ጋብዟቸው ድስቱን ከሻማ ላይ በላይ ሰቅሎ ሲያስጠብቃቸው ይውላል። የዓለም ተረቶችን በዓይነት የሚመዘግብ ዝርዝር አለ። ፊንላንዳዊው አንቲ አርነ እ.ኤ.አ. በ1910 ጀመረው፣ አሜሪካዊው ስቲዝ ቶምፕሰን አሰፋው፣ ጀርመናዊው ሃንስ ዮርግ ኡተር እ.ኤ.አ. በ2004 አደሰው። ከሩቅ እሳት ስለ መሞቅ የሚያወሩ ተረቶች በዚያ ዝርዝር ቁጥር 1262 ሥር ይመደባሉ።

ቁጥሩን መለጠፍ ግን ጥናት አይደለም። ብዙ ተማሪ እዚህ ላይ ያቆማል፤ ይኸ ቴምብር እንደ መለጠፍ ያለ ነገር ነው። ጥያቄው ልዩነቱ ምን ይናገራል የሚለው ነው። በጁሓ ተረት ተወራራጆቹ ባልንጀሮች ናቸው፤ ተሸናፊውም አሸናፊውም አንድ ሰው ነው፤ ነገሩ በሳቅ ያልቃል። በኛው ግን ጌታና አገልጋይ አሉ፤ ዳኛ አለ፤ ዳኛውም ለባለ ጠጋው ይፈርዳል። ድሃው ራሱ አይከራከርም፤ ሌላ የሚሰማ ሰው ነው የሚከራከርለት። ይኸን ተረት የሚሰማ ልጅ ስለ ብርድ ብቻ አይሰማም፤ ስለ ፍርድ ይሰማል። «ለምን ዳኛው እንዲህ አለ?» ብሎ ይጠይቃል። ይኸ ጥያቄ ከክፍል ሲመጣ ትምህርቱ በትክክል ተጀምሯል ማለት ነው።

ሌላም ነገር አለ። መተማ ላይ በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል። እዚህ የተወለደ ልጅ ሌሊቱን በብርድ ሲንቀጠቀጥ ማደር ምን እንደሆነ ከየት ያውቃል? ማዶ ያለ እሳት አጽናና ሲባል «ወይ ጉድ፣ ማን እሳት ይፈልጋል» ሊል ይችላል። እንግዲህ መምህሩ ምን ያድርግ? ብርዱን በሙቀት፣ እሳቱን በማዶ በሚታይ ጥላ ይለውጠው? አንዳንዶቻችን ይለውጠው ብለዋል። ብዙዎቻችን ግን ተረቱን እንዳለ ነግሮ፣ ከደጋ የመጣውን ልጅ ብርድ ምን እንደሚመስል ለክፍሉ እንዲያስረዳ ማድረግ ይሻላል እንላለን። ያ ዝምተኛ ልጅ ለአንዴ ዐዋቂ ይሆናል። በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ ስለ ጓንግ ወንዝ ሙላት የሚያወራው የቆላው ልጅ ነው።

አሜሪካዊቷ ሩዲን ሲምስ ቢሾፕ እ.ኤ.አ. በ1990 ያሉት ነገር እዚህ ጋ ይገባል። መጽሐፍ ለልጅ መስታወት ነው፣ ራሱን ያይበታል፤ መስኮትም ነው፣ ሌላውን ያይበታል፤ ተንሸራታች በርም ነው፣ ይገባበታል ብለዋል። በዚህ ቆላ የጉሙዙ ልጅ በደጋ ሥዕልና በደጋ ታሪክ መስኮት ብቻ ሲያይ ይውላል፤ መስታወት የለውም። የደጋው ልጅ ደግሞ መስታወት ብቻ እያየ ያድጋል፤ ይኸም ጉዳት ነው፣ ሰው ራሱን ብቻ ሲያይ ውሎ አያድር።

የሰብሳቢው ጥንቃቄ

ተረት ለመሰብሰብ የሚወጣ ሠልጣኝ ሦስት ፈተና ይገጥመዋል። የመጀመሪያው ቀላል ነው። ቀን ተረት ማውራት ነውር ነው የሚባልበት ቤት አለ፤ ከሰዓት ደብተር ይዞ የሄደ ባዶውን ይመለሳል። ማታ ይሂድ፣ አስፈቅዶ ይቀመጥ፣ እንግዳ ነውና ራሱ አንድ ተረት ይዞ ይሂድ። በሞባይል መቅዳት የሚፈልግ እማማን ወይም ሐቦባን ጠይቆ፣ ምን እንደሚያደርግበት ነግሮ ይቅዳ። የሰማውን ቃል በቃል ይጻፍ። «ቀበሮ» ያሉትን «ተኩላ» አያድርግ፤ የአገሩን አነጋገር ወደ መጽሐፍ አማርኛ አይገልብጥ። ልጆቹ የሳቁበትን ቦታ በጎን ምልክት ያድርግ፤ ይኸ ከሁሉ የበለጠ መረጃ ነው።

ሁለተኛው ፈተና የማሳመር ፈተና ነው። ወንድማማቾቹ ግሪም የጀርመንን ተረቶች እ.ኤ.አ. በ1812 ሲያሳትሙ መጽሐፉ ለልጆች የታሰበ አልነበረም። ወላጆች ገዙት፣ ልጆች አነበቡት፣ ስለዚህ ታናሽየው ቪልሄልም እስከ 1857 እትም ድረስ እያረመ፣ እያለሳለሰ ሄደ። በመጀመሪያው እትም ልጆቿን ጫካ የምታስጥለው፣ በልጇ ውበት የምትቀናው የወለደች እናት ነበረች፤ በኋላ እትሞች እንጀራ እናት ሆነች። የወለደች እናት እንዲህ አታደርግም ተብሎ ነው። ተመልከቱ፤ አንዲት የብዕር እርማት የወላጅ እናትን ስም አጠራችና በዓለም ያሉ እንጀራ እናቶች ሁሉ ላይ ጫነች። በኛም ተረት እንጀራ እናት ክፉ ናት። በክፍላችን ግን እናቱ የሞተችበት፣ እናቱ ከድንበር ማዶ የቀረችበት፣ በእንጀራ እናት እጅ የሚያድግ ልጅ አለ። ያን ተረት ሲሰማ ማታ ወደ ቤቱ ምን ይዞ ይመለሳል? እዚህ ላይ «የአንበሳው ጺም» ይጠቅመናል። በዚያ ተረት እንጀራ እናቲቱ ናት የምትለፋው፦ የእንጀራ ልጇን ፍቅር ለማግኘት መድኃኒት ስትፈልግ የአንበሳ ጺም አምጪ ትባላለች፤ አንበሳውን በየቀኑ ሥጋ እየሰጠች ቀስ በቀስ ታለምደዋለች፤ በመጨረሻ አዋቂው ልጁንም እንዲሁ አልምጂው ይላታል። የአገራችን ሥነ ቃል ሁለቱንም አለው። መርጦ መንገር የመምህሩ ፈንታ ነው። መርጦ መጻፍ ግን አይደለም፤ ሰብሳቢ ሁሉንም ይጽፋል።

ሦስተኛው ከሁሉ ይከብዳል። የጎረቤትን ሕዝብ ሞኝ፣ ሌባ፣ ሲብስም ሰው በላ አድርጎ የሚያወራ ተረት በሁሉም ወገን አለ። የሰማ ያውቀዋል። በዚህ ቆላ ባለፉት ዓመታት በወገንና በወገን መካከል ደም ፈስሷል፤ ስለዚህ ነገሩ የቤተ መጻሕፍት ጉዳይ ብቻ አይደለም። በአሠልጣኞች ስብሰባ ላይ ሁለት ሐሳብ ተነሥቷል። አንደኛው ወገን እንዲህ ያለው ተረት ጨርሶ አይጻፍ፣ ከነተራቾቹ ይሙት ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ ያልተጻፈ አይሞትም፤ እየተነገረ ይኖራል፣ እኛ ብቻ እናጣዋለን ይላል። እኛ ከሁለተኛው ጋር ነን፤ በሁለት ድንበር ግን። እንዲህ ያለው ተረት ከነሙሉ ቃሉ ተጽፎ በጥናት መዝገብ ይቀመጥ፤ ማን በምን ጊዜ ለማን እንደ ተረተው ይመዝገብ፤ ክፍል ውስጥ ግን አይነበብ፣ በዚህ ግድግዳም ላይ አይለጠፍ። ቀጥሎም ያው ተረት በሌላው ወገን ቤት እንዴት እንደሚነገር ይፈለግ። ብዙውን ጊዜ ሞኙና ብልጡ ቦታ ተለዋውጠው ይገኛሉ፤ ጅቡ ያው ጅብ ነው፣ ስሙ ብቻ ተቀይሯል። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ያየ መምህር የትኛውንም አያምንም።

ስለ ሥዕል ጥቂት እንበልና እንለፍ። ልጅ ፊደል ከማንበቡ በፊት ሥዕል ያነባል። የማሽላ ማሳ፣ የሰሊጥ ነዶ፣ ግመል፣ የሣር ጎጆ የሌለበት መጽሐፍ ለቆላው ልጅ የሩቅ አገር ነው። መምህሩ ሠዓሊ ባይሆን እንኳ ልጆቹ ራሳቸው ይሣሉ፤ ተረቱን በአራት ወረቀት ከፍለው ሥለው በክር ቢሰፉት መጽሐፍ ሆነ። ከታች አንድ ዐረፍተ ነገር በአማርኛ ይጻፍ፤ የቤቱ ቋንቋ ሌላ የሆነ ልጅ ካለ ያው ነገር በቃሉ በራሱ ቋንቋ ይንገርበት። የመጀመሪያው የንባብ መጽሐፉ ይኸ ነው፣ ደራሲውንም ያውቀዋል።

ከዚህ ጽሑፍ በስተቀኝ ሁለት ባዶ ወረቀት ለጥፈናል። በአንደኛው ላይ የእሳቱንና የብርዱን ተረት በልጅነታችሁ የሰማችሁ ሠልጣኞችና አሠልጣኞች የሰማችሁበትን ቦታ፣ ተራኪዋ አያት፣ አባት ወይም መምህር መሆናቸውን (ስም ሳይጠቀስ)፣ ተራራው ማን ይባል እንደ ነበርና ማን እንደ ረታ ጻፉ። በሁለተኛው ላይ በሰማችሁት ተረት ውስጥ ብልጡ እንስሳ ማን እንደሆነ ብቻ ከአገራችሁ ስም ጋር አስፍሩ፤ በዐረብኛም ሆነ በጉሙዝኛ የሰማ በሰማበት ስም ይጻፈው። ወረቀቱ ሲሞላ ቆጥረን በሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን። እርሳሱ በክር ታስሮ ተንጠልጥሏል፤ እባካችሁ ክሩን አትበጥሱት።